ፍየል የላሰችው ወለል

ሰው ቤቱን ሊያሳምር ሲነሳ ጎረቤት ዝም ብሎ የሚያይበት አገር ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ፤ ጓዜን ጠቅልዬ እሄዳለሁ። ሰቆጣ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። አንድ ሰው አካፋ ይዞ ከደጁ ከታየ፣ አካፋው ገና መሬት ሳይነካ "ኧረ እንዲያ አይደለም!" የሚለው መንገደኛ አያጣም። ሊረዳ የቆመው ሰው ብዛት ሠርግ ያስመስለዋል። እኔም አንድ ወለል ያበላሸሁት የዚህን ደግ ሕዝብ ምክር ሰምቼ ነው። ብቻዬን አላበላሸሁትም ለማለት ያህል ነው።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ክፉ ድርቅ በፊት ያሉት ዓመታት። እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበርኩ፤ ያውም የእጅ ሥራ መምህር። ይህች ማዕረግ ያመጣችብኝን ጣጣ ቆጥሬ አልጨርሰውም። የጎረቤት ወንበር እግሩ ሲወልቅ ወደ እኔ ይመጣል። የሰው ቁልፍ በሩ ላይ ተሰብሮ ሲቀር እጠራለሁ። እኔ ግን ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጋዝ ስዬ "ልጆች፣ ይህ መጋዝ ይባላል" እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ። ትምህርት ቤታችን መጋዝ አልነበረውም። ይህንን ደግሞ ለሰው ሁሉ እየዞሩ አይናገሩትም።

ነገሩን ያመጣው የእናቴ መምጣት ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ እማዬ ፃግብጂ ውስጥ ብቻዋን ትኖር ነበር። ዓይኗ ደክሞ ደክሞ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር የሚያሳያት ነገር አልነበረም። በዚያ ክረምት ከእርከን ጫፍ ላይ እግሯ ከድቷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ወሬውን ስሰማ ቀልቤ ተገፈፈ። በቅሎ ይዤ ሄጄ፣ ለምኜ አስለምኜ፣ ከፍየሏ ጋር አመጣኋት። ፍየሏ ካልመጣች እኔም አልመጣም ብላ ነው።

አንድ ነገር ግን ገና ከበቅሎዋ ሳትወርድ ተናገረች። "እስከ ጥምቀት ነው ልጄ። ከጥምቀት በኋላ ካሳ በቅሎዋን ይዞ ይምጣና ወደ ቤቴ ይመልሰኝ።" ካሳ የአክስቴ ልጅ ነው፤ እዚያው ፃግብጂ ነው የሚኖረው። እኔም እሺ አልኩ። እስከዚያ ሐሳቧን ትለውጣለች ብዬ ነው እንጂ፣ ወደዚያ ገደል አፋፍ ብቻዋን ልመልሳት አንጀቴ እንዴት ይችላል?

አልለወጠችም። የኛ ቤት ወለል አፈር ነው፤ ዘመን የበላው አፈር። እዚህ ይጎደጉዳል፣ እዚያ ያብጣል። እማዬ በመጣች በሳምንቱ ከመደቧ ተነስታ ወደ ደጅ ስትል አንዱ ጉድጓድ ውስጥ እግሯ ገባና በጉልበቷ ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ ዘነቡ በተነሳች ቁጥር እጇን እየያዘች ትመራት ጀመር። ዘነቡ ለደግነቷ ነው። እማዬን ያሳመማት ግን ከጉልበቷ ይልቅ ይኼው ነው።

"እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ" ትላለች ዘነቡ።

"እጄን ስሰጥሽ ልከርም ነው እንግዲህ" ትላለች እማዬ። ቀጥሎ ለራሷ በኽምጣኛ ታጉረመርማለች። ዘነቡ ኽምጣኛ አትሰማም፤ እኔ እሰማለሁ። እንደ በግ እየተሳብኩ የምወጣበት ቤት የኔ ቤት አይደለም ነው የምትለው። እዚያ በገዛ ቤቷ ማንም ሳይመራት ከምድጃው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ በረቱ ትሄድ ነበር።

እኔም አሰብኩ። ጥፋቱ ያለው ጉድጓዱ ላይ ነው አልኩ። ወለሉ ሜዳ ከሆነ እማዬ አትደናቀፍም፤ ካልተደናቀፈች መሪ አያስፈልጋትም፤ መሪ ካላስፈለጋት ትቀመጣለች። ይህንን ሐሳብ ማንም ሳያግዘኝ ራሴ ነበርኩ ያፈለቅሁት፤ ስለዚህ ትንሽ ኮራ አልኩ።

ጎረቤታችን ጋሼ ይማም የጨውና የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከሱቃቸው ጀርባ፣ ከጨው ጆንያው ሥር፣ የተቆለለ ማቶኔላ ነበራቸው፤ ያ አራት ማዕዘን የሲሚንቶ የወለል ንጣፍ። ኮረም ላይ አንድ የጣሊያን ጊዜ ቤት ሲፈርስ ለሱቄ ይሆነኛል ብለው አምጥተውት፣ ዛሬ ነገ ሲሉ የጨው መደርደሪያ ሆኖ ቀረ። የእናቴን ነገር ስነግራቸው አላስጨረሱኝም።

"ለእናትህ ከሆነማ ውሰደው! ወላሂ ምርቃቷ ይበቃኛል" አሉ።

ማቶኔላው ተገኘ። ሲሚንቶ ደግሞ በቀበሌ ነው። ስንት ጊዜ ተመላልሼ፣ ስንት ስብሰባ ላይ ከፊት ተቀምጬ አጨብጭቤ አንድ ከረጢት ተፈቀደልኝ። የቀረው ግንበኛ ነው። የከተማው ግንበኛ ጋሼ በርሄ ግን መጋዘን ሊሠሩ አምደወርቅ ሄደዋል፤ ከጥምቀት በፊት አይመለሱም ተባለ። ይህንን ለሰው ሳማክር ሁሉም የሚመልሰው አንድ ነው። "አንተ የእጅ ሥራ መምህር አይደለህ እንዴ?"

ነኝ! ምን ልበል?

ማቶኔላውን በአሸዋና በጭቃ ላይ ደረደርኩት። እውነቱን ለመናገር ድርደራው አልከፋም ነበር። ብቻ አንዱ ከአንዱ ተጋጭቶ እንዳይሰበር ፈርቼ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተውኩ። እማዬ መደቧ ላይ ተቀምጣ ታዳምጠኛለች።

"ምንድን ነው የምታንኳኳው?"

"ወለሉን ላስተካክልልሽ ነው እማዬ።"

"መሬቱ ምን አደረገህ?"

ድርደራው ሲያልቅ ክፍተቱን መሙላት መጣ። እናንተዬ፣ በሕይወታችሁ ማቶኔላ መደርደር ቢያምራችሁ ደርድሩ። ክፍተቱን መሙላት ሲመጣ ግን ሰው ጥሩ። መልክ የሚሰጠውም፣ የሚያዋርደውም እሱ ነው። እኔ ለሙከራ ብዬ ከእማዬ መደብ እስከ በሩ ድረስ ያለውን አንዱን ረጅም መስመር ብቻ ጀመርኩ። ሲሚንቶውን ወፈር አድርጌ አቦካሁና ጠቀጠቅሁት። ቆጥቤ እንዳልታማ ጨመር፣ አሁንም ጨመር ሳደርግ ከማቶኔላው በላይ ተቆልሎ ጎበጠ። ደልደል ላድርገው ስል ጋሼ ይማም ደረሱ።

ከበሩ ላይ ቆመው አዩኝ። "መምህር! ምን እየሠራህ ነው?"

"ክፍተቱን እየሞላሁ ነው ጋሼ።"

"ሳታቦካው?"

"አቡክቼዋለሁ እኮ፤ ይኸው።"

"አሁን አቡክተህ አሁን? ኧረ በነቢ! ቤት ስንመርግ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠን፣ ሸፍነን፣ እስኪሸት አይደለም እንዴ የምናሳድረው? ያልቦካ ጭቃ ይሰነጠቃል! ለዚያ ተራ አፈር ያን ያህል ከታገስን፣ ይሄ ከፋብሪካ የመጣው ምን በደለ?"

አሁን ላይ ሆናችሁ ትስቃላችሁ። እዚያ ቆሞ ለሰማው ግን ነገሩ ውሃ የሚያነሳ ነበር። ሽበት ያለው ሰው ነው የሚናገረው፤ ማቶኔላውንም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ስለ ሲሚንቶ ያስተማርኩት ስሙንና ከረጢቱ ግራጫ መሆኑን ብቻ ነው።

ሰፊ ዕቃ ፈለግን። በቤቱ ያለው ሰፊ ዕቃ የዘነቡ ቡሃቃ ነው፤ ከእናቷ ቤት ያመጣችው፣ ሊጥ የምታቦካበት። ዘነቡ ገበያ ነበረች። ከረጢቱን ግልብጥ አድርገን ከሥሩ ከቀረችው ጥቂት በቀር ሁሉንም ቡሃቃው ውስጥ ከተትነው፤ ውሃ ጨመርን፤ ጋሼ ይማም እጅጌያቸውን ሰብስበው እስከ ክርናቸው አሹት። በቅጠል ሸፈንን፤ በቅጠሉ ላይ ጨርቅ ጣልን። "አሁን ይተኛ" አሉ።

ተኛ። ተኝቶም ቀረ።

በማግስቱ የዘነቡን ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ ቡሃቃዋን በሁለት እጇ ይዛ ትታገላለች፤ ቡሃቃው ከመሬት ንቅንቅ አይልም። "ምንድን ነው ያደረግኸው? አንተ ሰውዬ፣ ቡሃቃዬን ምን አደረግኸው?" ጋሼ ይማም የቡኮውን ሁኔታ ሊያዩ በጠዋት መጥተው ነበርና ጎንበስ ብለው በጣታቸው አንኳኩት። ኳ ኳ አለ።

"ሳይበዛበት አልቀረም" አሉ።

ቡሃቃው ተሰብሮ ተላቀቀ፤ ከውስጡ ድንጋይ ቀረ። ደጃችን ላይ አኖርነው፤ ጥሩ መቀመጫ ወጣው። ዘነቡ ግን ለብዙ ጊዜ ከጎኑ ስታልፍ ፊቷን ታዞርበት ነበር፤ በኔም ላይ እንደዚያው።

ከረጢቱ ሥር የቀረው ሲሚንቶ ለአንድ መስመር እንኳ የማይበቃ ነው። ቀበሌ ሁለተኛ አይሰጥም። ታዲያ ምን ይደረግ? ማብዛት ነዋ! ከምድጃ አመድ ዛቅኩ። ጋሼ ይማም ቀይ አፈር አመጡ። ወደ መጨረሻው ደግሞ ጭድ ገባ፤ ማን እንደጨመረው እስከ ዛሬ እንወዛገባለን። እንዲበረክት ብዬ ውሃ አበዛሁበት፤ ሾርባ ሆነ። በየክፍተቱ እያፈሰስኩ ሄድኩ። ሲደርቅ አንዱ መስመር ግራጫ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ የአህያ ሆድ የመሰለ ነጭ ሆኖ ወጣ። ዳርና ዳሩ ደግሞ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። ማቶኔላው ላይ የተንጠባጠበውንም ሳይደርቅ መጥረግ ነበረብኝ፤ አልጠረግሁትም፤ ከላይ እስከ ታች ጉም የለበሰ መሰለ።

ዘነቡ ጉሙን ላነሳ ብላ ባልዲ ውሃ ደፋችበት። ጉሙ ተነሳ። ከጉሙ ጋር የክፍተቱ ግማሽ አብሮ ተነስቶ በበሩ ወጣ።

"ዘነቡ፣ ምን ታደርጊያለሽ?" አለች እማዬ ከመደቧ።

"ወለሉን እያጠብኩ ነው እማማ።"

"መሬት ታጥቢያለሽ?" ብላ እማዬ ሳቀች። ከመጣች ስትስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ግን ልስቅ አልቻልኩም፤ ጥምቀት እየቀረበ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ማቶኔላው የለም። ለካ ዘነቡ ስንጥቁን አይታ፣ እናቷ ሲያደርጉ ያየችውን አድርጋለች፤ ወለል ሲሰነጠቅ በእበት ይለቀለቃል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ልቅም አድርጋ፣ በእጇ እያለሰለሰች ለቅልቃዋለች። እጅግ ያማረ ሥራ ነው። ቤቱ ልክ ከወር በፊት የነበረውን መስሎ ቁጭ ብሏል።

"እስቲ አሁን አይሻልም?" አለችኝ እጇን እየታጠበች። ይሻላል አልኳት፤ የቡሃቃው ዕዳ አለብኝ። ወለል ሊያይ ለመጣው ሰው ሁሉ "ማቶኔላው ከሥር ነው" እያልኩ ሰነበትኩ። ከዚያ በስንት ልመና አስፈቅጄ ፈቀፈቅሁት፤ የአመድ ሾርባም እንደገና በጥብጬ አፈሰስኩበት።

ክፍተቱ ገና እርጥብ እያለ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከተፍ አሉ። የተፈቀደው ሲሚንቶ የት እንደ ገባ ሊያዩ ነው። ወለሉ መሃል ቆመው ዙሪያውን ቃኙ።

"ጓድ መምህር፣ ሰፊው ሕዝብ አፈር ላይ ተቀምጦ አንተ ማቶኔላ ማንጠፍህ ምን ይባላል? ይሄ ነገር ከበርቴ ከበርቴ አይሸትም?"

የሚሸተው እበቱ ነበር። እሱን ግን ለማለት አልደፈርኩም። ጋሼ ይማም አዳኑኝ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እስቲ ዝቅ ብለው ይመልከቱት። ከበርቴ ቤት እንዲህ ያለ ወለል አይተው ያውቃሉ?"

ሊቀመንበሩ ዝቅ ብለው ተመለከቱ። ቀዩን አዩ፤ ግራጫውን አዩ፤ ከመስመሩ ወጥቶ የቆመውን ጭድ በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። ጫማቸው እዚያው ተዘፈቀ። "እውነት ነው" አሉ እግራቸውን እየነቀሉ፤ በኀዘን ዓይን አይተውኝ ወጡ። የጫማቸው ቅርጽ በወለሉ ላይ ቀረ።

ይኼ ሁሉ አልፎ ወለሉ ደረቀና ጥቂት ቀን ሰላም አገኘን። ከዚያ አንድ ጠዋት በየክፍተቱ ላይ ነጭ ዱቄት አብቅሎ አየን። ዘነቡ ጠረገችው፤ በማግስቱ ተመልሶ በቀለ። ሻጋታ ነው አልን። ጋሼ ይማም ተጠርተው መጡ፤ በጣታቸው ጫፍ ነክተው ምላሳቸው ላይ አደረጉት። ፊታቸው በራ።

"የኔ ጨው ነው!" አሉ። ወዲያው ደግሞ ጣታቸውን ልብሳቸው ላይ ጠረጉ።

ለካ ማቶኔላው ያን ሁሉ ዓመት ከጨው ሥር ተኝቶ ጨው ሲጠጣ ኖሯል። እኔ ውሃ ባጠጣሁት ቁጥር የጠጣውን በየክፍተቱ ይተፋዋል። ይህንን እኛ ሳንረዳ የእማዬ ፍየል ተረድታዋለች። አንድ ቀን በሩ ክፍት ሲሆን ገባችና አንገቷን ደፍታ መላስ ጀመረች። ስናባርራት ትወጣለች፤ ዞር ስንል ትመለሳለች። አንዱን መስመር ጨርሳ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች፤ ሥርዓቷ የሚያስቀና ነው። ጨውን ስትልስ አመዱንም፣ አፈሩንም፣ ጭዱንም አብራ ታነሳለች። እማዬ ግን አትሰማም።

"የኔ ፍየል ከሰው ቤት ምንም አትነካም" ትላለች። ፍየሏ እግሯ ሥር ቆማ ትልሳለች።

ጥምቀት ሲደርስ በወለሉ ላይ የቀረ ሙሊት አልነበረም። የሊቀመንበሩ ጫማ ቅርጽ እንኳ ተልሶ አልቋል። የተረፈ ነገር ቢኖር ያ የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው፤ ሳይቦካ የገባው፣ ከመደቡ እስከ በሩ እንደ ማሳ ድንበር ጎብጦ የቆመው። እሱን ፍየሏም አልቻለችውም። እኔ በየቀኑ ጣቴን እመታበታለሁ። ወለል እንዲስተካከል ብዬ ተነስቼ ባልነበረበት ቦታ ላይ ጉብታ ሠራሁ! ዓይነ ስውር እናቴ የምትሄድበት ላይ!

በቃ፣ ተስፋ ቆረጥኩ። እማዬም ስለ መቅረት አንድም ቃል አልተነፈሰችም። በጥምቀት ማግስት ካሳ በቅሎዋን ጭኖ ለመሄድ በጠዋት ደረሰ። ዘነቡ ዓይኗን እየጠረገች ስንቅ ቋጠረች። እዚያው ላይ ጋሼ በርሄ፣ ግንበኛው፣ ከአምደወርቅ ተመልሰው ወሬዬን ሰምተው ኖሮ መሮና መዶሻቸውን ይዘው ገቡ። ወለሉን አይተው በጉብታው እንጀምር ብለው ተንበርከኩና አንድ ጊዜ መቱት።

"ማነው የሚያንኳኳው?" አለች እማዬ። ነጠላዋን ለብሳ፣ ለመንገድ ተዘጋጅታ መደቧ ላይ ተቀምጣለች።

"ጋሼ በርሄ ናቸው እማዬ። ያንን ጉብታ ሊያነሱልን ነው።"

"የቱን?"

"ይኼን ከመደብሽ ሥር ተነስቶ እስከ በሩ የሚሄደውን።"

"ተው በለው!" ብላ ተነሳች። ዘነቡ እጇን ልትይዝ ብትቸኩል ገፋ አደረገቻት። ባዶ እግሯን ወደ ወለሉ ሰደደች፤ አውራ ጣቷ ጉብታውን አገኘ። የእግሯን መዳፍ አስደገፈችበት። ከዚያ ቀጥ ብላ ሄደች። አትዳብስም፣ አትንቀራፈፍም፤ ጋሼ በርሄ መሮአቸውን እንደያዙ ከመንገዷ ዞር አሉላት። ጉብታው ሲያልቅ እሷም ቆመች፤ እጇ በትክክል የበሩ መቃን ላይ አረፈ። ደፉን ተሻግራ ደጅ ፀሐይ ላይ ቆመች።

እንባዬ መጣ፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

"አንተ ትምህርት ቤት ስትውል እኔ ስመላለስበት ነው የምውለው" አለች ፊቷን ወደ ፀሐዩ እንዳደረገች። "ዘነቡ ወንዝ ስትወርድ ብቻዬን ደጅ ወጥቼ፣ ብቻዬን እገባለሁ። እስካሁን ያልነገርኳችሁ እርግጠኛ ሳልሆን እንዳልናገር ብዬ ነው። ሌላው መሬትህ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የት እንዳለሁ አይነግረኝም። ይሄኛው ይነግረኛል።"

ከዚያ የበቅሎዋን ትንፋሽ ሰምታ ወደዚያ ዞረች። "ካሳ፣ በቅሎዋን አሳርፋት። ምሳህን ብላና ብቻህን ተመለስ። ቤቱን እየዞርክ እይልኝ፤ ጣሪያው እንዳያፈስ።"

ካሳ እኔን አየኝ፤ እኔ ዘነቡን አየሁ። ዘነቡ የቋጠረችውን ስንቅ መፍታት ጀምራለች።

እማዬ ተመልሳ ደፉን ተሻገረች፤ በጉብታዋ ላይ እግሯን አስደግፋ መደቧ ዘንድ ደረሰችና ተቀመጠች።

"ልጄ" አለችኝ።

"አቤት እማዬ።"

"ወደ ጓዳ የሚወስደውንም ሥራልኝ። ራስህ ሥራው እንጂ ለጋሼ በርሄ እንዳትሰጥ፤ እሳቸው ያሳምሩታል።"